የሙቀት በሩ ዝም ያለ ዕለት

ጻይ-ዩን የተኛችበት ክፍል ሁለት በሮች አሉት፤ አንደኛው ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። አየሩ ተጣርቶ ይገባል፣ ሳህኑ ተቀቅሎ ይገባል፣ ሰውም ቢሆን ታጥቦና ተሸፋፍኖ ነው የሚገባው። ካንሰር የያዘው መቅኔዋ በመድኃኒት ተጠርጎ የታናሽ እህቷ መቅኔ ከተተካላት ወዲህ ሰውነቷ ገና ዛሬ እንደተወለደ ሕፃን ሆኗል፤ በሽታን አይመክትም። ሌላውን ሰው ሁለት ቀን አስነጥሶ የሚለቅ ተራ ጉንፋን እሷ ላይ ካረፈ የሚወርደው ሳንባዋ ላይ ነው። ለዚህም ነው በታይናን ከተማ ያለው የዚህ ሆስፒታል የንቅለ ተከላ ክፍል፣ በየሰኞውና በየሐሙሱ የበሽተኛውን አፍንጫ በጥጥ እየጠረገ ቫይረስ የሚፈልገው።

ፍለጋውን የምትመራው የኢንፌክሽን ክትትል ነርሷ ፋን ናት። አጭር፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት ናት። ወደ ክፍሉ በሚያስገባው ኮሪደር አፍ ላይ ትኩሳት የሚለካ የሙቀት በር አስተክላለች፤ የጋለ ሰው ካለፈ በሩ ይጮሃል።

የጻይ-ዩን ባል ኩን-ማው በሩን ገና እንዳየ መጀመሪያ የጠየቀው "ከረጢቱ የታለ?" ብሎ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አሳንሰር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እዚያ አገር ከማሽን ጋር የሚውል ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አረንጓዴ ከረጢት ያለው የኮኮናት ጣዕም የልጆች መክሰስ አናቱ ላይ ያልተቀመጠለት ማሽን ይለግማል። ከረጢቱ አረንጓዴ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ቀዩማ ጭራሽ መዘዝ ይጠራል። ጊዜው ካለፈበትም ማሽኑ ያኮርፋል። ሐኪሞቹም ቢሆኑ በአፋቸው ሳይንስ ይናገራሉ እንጂ ከረጢቱን ለመንካት እጃቸው አይደፍርም። ኩን-ማው በማግስቱ አንድ ከረጢት ገዝቶ፣ በላዩ ላይ "ሚስቴን አደራ" ብሎ ጽፎ በሩ አናት ላይ አስቀመጠ። ነርሶቹ አጨበጨቡለት። ጻይ-ዩን ይህን ስትሰማ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ባሏ እሷንም እንደ አንድ አሳንሰር ሊጠብቃት መነሳቱ ደስ አሰኛት።

ክፍሉ ውስጥ አብራት የምታድረው አስታማሚዋ ሱሚያቲ ናት፤ ከጃቫ ደሴት የመጣች፣ ሥራዋን እያንጎራጎረች የምትሠራ ሴት። መጀመሪያ የተቀጠረችው የኩን-ማውን እናት እንድትጦር ነበር፤ ጻይ-ዩን ስትታመም አሮጊቷ ወደ ትንሹ ልጃቸው ቤት ሄዱና ሱሚያቲ ወደ ሆስፒታል መጣች። ቀዝቃዛ አየር ሲነፍስባት የምትቀሰቀስ ደረቅ ሳል አለቻት። ያቺ ሳል ከእሷ ጋር ከባሕር ማዶ ጀምሮ የመጣች ናት፤ ቤተሰቡ ሁሉ ለምዷታል።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ደረሰ። በዚያች ምሽት ከማዕድ የጎደለ ሰው ዓመቱን ሙሉ እንደጎደለ ይቆጠራል፤ ባሕር ማዶ ያለውም፣ የተጣላውም ይመጣል። ኩን-ማው ዓሳውንና ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ ሳይቆረጥ በቁመቱ የሚበላውን የዓመቱን ጎመን በደንብ አብስሎ፣ አሽጎ ይዞ መጣ። ሱሚያቲ ባልና ሚስቱ ይጫወቱ ብላ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ኩን-ማው ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ከሚስቱ ጋር ከአንድ ሳህን በላ። ይህ ክልክል ነው፤ ግን በዚያች ምሽት ማነው ጭምብል አድርጎ ባዶ አፉን የሚቀመጥ? ላብ ላብ ብሎት ነበር። ጻይ-ዩን የመከላከያ ልብሱ ነው ያሞቀው ብላ በናፕኪን ግንባሩን ጠረገችለት። ጎመኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትነክስ ስትውጥ ዐይኑ እንባ ሞላ፤ እሷም ይህን ዓመት እንደምታልፈው አመነች።

አዲሱ ዓመት በገባ በሳምንቱ የሐሙሱ ጥጥ ክፉ ወሬ ይዞ መጣ። ነርስ ፋን ራሷ ገብታ ነገረቻት፤ አፍንጫዋ ውስጥ ቫይረስ ተገኝቷል። ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚጋባው ያው ተራ ጉንፋን ነው፤ ግን ይህ ነው የሚባል መድኃኒት የለውም፤ ወደ ሳንባ ከወረደ ደግሞ እንደ እሷ ላለው ሰው ተራ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ኦክስጅን ተደረገላት። ነርስ ፋን ከማን እንደመጣ ማወቅ አለብኝ ብላ የሱሚያቲን አፍንጫ ጠርጋ ናሙናውን ላከች፤ ውጤቱ በማግስቱ ነበር የሚደርሰው።

ኩን-ማው ግን ማግስቱን አልጠበቀም። እዚያው ሱሚያቲ አጠገቧ ቆማ ትራሷን እያስተካከለችላት ሳለ ደወለ፤ ጻይ-ዩን ስልኩን በድምፅ ማጉያ ነበር የምታዋራው። "ያቺ ልጅ ታስል የለ እንዴ? ምን ሌላ ማጣራት ያስፈልጋል?" አለ። የሱሚያቲ እጅ ትራሱ ላይ ቀረ።

"እትዬ፣ እኔ አይደለሁም" አለች።

ጻይ-ዩን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ስልኩን አየች። ባሏ ነው፤ አብሯት ጎጆ የቀለሰ፣ አብሯት ያረጀ፣ በሩ ላይ ሳይቀር አደራ ብሎ የጻፈላት ባሏ። ትንፋሿ ደግሞ እየከዳት ነበር፤ የፈራ ሰው የሚይዘው አያጣም። "እሺ፣ ትሂድ" አለች። በዚያው ምሽት የአስቀጣሪ ኤጀንሲው ሰው መጥቶ ሱሚያቲን ወሰዳት።

በማግስቱ የሱሚያቲ ውጤት ንጹሕ ሆኖ መጣ። ሰው ከሄደ በኋላ የሚመጣ ንጽሕና ምን ይረባል? ኤጀንሲው ፒንግቱንግ በሚባል ሌላ ከተማ ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አስታማሚ አድርጎ አስቀጥሯት ነበር።

ክፍሉ ታመሰ። ነርሶቹ ሁሉ አፍንጫቸው ተጠረገ፤ የጽዳት ሠራተኞቹም፣ ሐኪሞቹም። ሁሉም ንጹሕ። ምንጩ እስኪታወቅ ድረስ አዲስ በሽተኛ አይገባም ተባለና፣ ለንቅለ ተከላ ተራዋ ደርሶ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች አንዲት አስተማሪ ከደጅ ተመለሰች። ነርስ ፋን ለኩን-ማውም ደውላ ጠየቀችው። ዋዜማው ዕለት እንደ በሬ ጤነኛ ነበርኩ፣ በሩም አልጮኸብኝም አላት። እውነትም አልጮኸም። ነርሶቹ ከረጢቱ ጊዜው አልፎበት እንዳይሆን እያሉ ይቀልዱ ጀመር። ሳቅ የማይቀናት ነርስ ፋን እንኳ ማንም አያየኝም ባለችበት ሰዓት ከረጢቱን ገልብጣ ቀኑን አይታዋለች። ገና ብዙ ወራት ይቀሩት ነበር።

ኩን-ማው በየቀኑ ይደውላል፤ ያጽናናታል፣ ይቀልዳል፣ ሱሚያቲንም አልፎ አልፎ ይረግማል። ሰውን ውሃ ሲወስደው እያሳሳቀ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አማቷ በቪዲዮ ደወሉ። አሮጊቷ ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ስለሚያወሩ የሚታየው አገጫቸው ብቻ ነው። ስለ ትንፋሿ ጠየቋት፣ ለአማልክቱ ስንት ብርቱካን እንዳቀረቡላት ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሆዳቸውን ማውራት ጀመሩ።

"ልጄ፣ ኩን-ማውን ዕረፍ በይው። አንቺን ብሎ ራሱን ጣለ። ዋዜማው ለት እኮ ሰውነቱ እሳት ነበር፤ ከትንሹ ልጄ ሕፃን ነው የተጋባበት። ይቅርብህ ብለው፣ 'እማዬ፣ ዛሬ ብቻዋን ከበላች ዓመቱን ብቻዋን ልትሆን ነው' አለኝ። ሁለት ኪኒን በእጄ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ትኩሳቱ በረድ እስኪልለት ጠብቆ ላቡን ጠርጎ ሄደ። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?"

 አሮጊቷ እየመረቁ ነው፤ ምን ይባላሉ? "አይገኝም" አለቻቸውና ዘጋችው።

መጀመሪያ የመጣላት ያ ግንባር ነው፤ በገዛ እጇ የጠረገችው። ቀጥሎ ያ እንባ። ለሷ ያለቀሰ መስሏት ነበር፤ ለካ የትኩሳት ዐይን ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የእሷው ደግሞ ጅቡን እየመራ አምጥቶ ከማዕዷ አስቀመጠው።  ልጮህ ብትል ትንፋሹ የላትም፤ የተከዳ ሰው መጮህ እንኳ ሲያቅተው ምን ይሁን?

ከሰዓት ኩን-ማው መጣ። ከቫይረሱ በኋላ ማንም ውስጥ አይገባም፤ ጠያቂ በመስኮቱ ማዶ ቆሞ በግድግዳው ስልክ ነው የሚያወራው። አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ይዟል፤ በመስኮቱ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ይሄኛው ለኦክስጅኑ ማሽን ነው አለ።

"እናትህ ደውለው ነበር" አለችው። "ስለ ኪኒኑ ነገሩኝ።"

ከረጢቱ ቀስ እያለ ወረደ። 

"በሩ ይጮሃል ብዬ እየፈራሁ ነው ያለፍኩት" አለ። "እውነቴን ነው፣ ቢጮህ እመለስ ነበር። ዝም አለ። ቀና ብዬ ከረጢቷን አየሁና፣ እሷ ካሳለፈችኝማ ደህና ነኝ ማለት ነው አልኩ።"

"ትኩሳቱን ውጠኸው?"

"ብቻሽን እንዳትበዪ ብዬ ነው፣ ጻይ-ዩን።"

ዐይኑ ዕውነተኛ እንባ አቀረረ፤ አወቀችው። ሞኝ ነው፣ ሁልጊዜም ሞኝ ነበር። ለማሽን የሚለምን፣ ማሽን ሲታዘዝለት ደግሞ ዓለም ሁሉ የታዘዘለት የሚመስለው ሰው ነው። በዚህ ብቻ ቢሆን ይቅር ትለው ነበር፤ ይቅርታው አፏ ላይ ደርሶም ነበር።

"ሱሚያቲንስ?" አለችው።

"እሷማ ሥራ አገኘች አይደል እንዴ። ምን ጎደለባት?" ወደ ኋላው ዞር ብሎ ኮሪደሩን ቃኘና ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋ። "ብቻ ለነርሷ እንዳትነግሪ። ሁሉም አጨብጭበውልኛል፤ ፊቴን የት አደርገዋለሁ?"

ጻይ-ዩን ትንፋሿን ሰበሰበች። "ቫይረሱን ሳታውቅ አመጣኸው እንበል" አለች። "ልጅቷን ግን አውቀህ ነው የሸጥካት። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ስንፈራገጥ፣ አንተ እያወቅክ በየቀኑ ታባብለኛለህ። ሂድ፣ ኩን-ማው። እኔ እስክጠራህ እዚህ መስኮት ላይ እንዳላይህ።"

የነርስ ጥሪውን ተጫነች። ነርስ ፋን ስትመጣ ሁሉንም ነገረቻት። ነርሷ አልተቆጣችም፤ ከንፈሯን ነክሳ አዳመጠችና ወጣች። በማግስቱ ከሙቀት በሩ ጎን ኪኒን የዋጠ እንዳለ እየጠየቀች የምታሳልፍ ነርስ ቆመች። የኩን-ማው ስም ከጠያቂዎች ዝርዝር ወጣ፤ ለተመለሰችው አስተማሪም ተደወለላት። የጻይ-ዩን ሳንባ ለጊዜው አልባሰበትም፣ አልተሻለውምም፤ ጥጡ በሰኞና በሐሙስ ይመጣል፣ ቫይረሱ አሁንም አለ።

ብቻዋን ሆና ስታስበው የሚያስታግሣት አንድ ነገር ብቻ አገኘች፤ ሱሚያቲ። እሷም ተከድታለች፣ እኔም ተከድቻለሁ አለች በልቧ፤ ይህን ያደረገብን አንድ ሰው ነው፤ ብትመለስ እየተደጋገፍን እናልፈዋለን። ነርስ ፋን ቁጥሩን ከኤጀንሲው ተቀብላ ደወለችላትና ስልኩን አቀበለቻት።

"እትዬ፣ ትንፋሽዎ እንዴት ነው?" አለች ሱሚያቲ ገና ድምጿን እንደሰማች። ጻይ-ዩን አለቀሰች። እያለቀሰች ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ የሕፃኑን ጉንፋን፣ ኪኒኑን፣ በሩን። "ሁለታችንንም ነው ያታለለን" አለቻት። "ተመለሽልኝ። ለኤጀንሲው እኔ እነግርልሻለሁ።"

 ከሱሚያቲ ጀርባ ሽማግሌው ሬዲዮ ሲያዳምጡ ይሰማል። እዚያም ሆና ያቺን ደረቅ ሳል ሳለች።

"እሳቸውስ እርስዎን አታለሉ" አለች ያለ ቁጣ። "እርስዎ ግን ይህችን ሳል ያውቋታል። ሽሮፑ ሲያልቅ ሳልጠይቅዎት እየገዙ ትራሴ ሥር የሚያኖሩልኝ እርስዎ አልነበሩም? በዚያች ቀን ዐይኔን አዩኝ፣ እትዬ። አውቀው ነው ትሂድ ያሉት።"

ጻይ-ዩን ስልኩን ወደ ጆሮዋ ይበልጥ አስጠጋች።

"እግዜር ይማርዎ" አለች ሱሚያቲ። "ሾርባውን ሲጠጡ ቀና ብለው ይጠጡ፤ እንዳያንቅዎት። እኔ አልመለስም።" ሽማግሌው ተጣሩ፤ አቤት ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዕለቱ ሰኞ ነበርና ነርስ ፋን ጥጧን አውጥታ እየጠበቀች ነበር። ጻይ-ዩን ስልኩን አስቀምጣ አንገቷን ወደ ኋላ ዘንበል አደረገችላት። ጥጡ አፍንጫዋ ውስጥ ሲገባ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ይህ ምርመራ ሁሉንም ሰው ያስለቅሳል፤ ስለዚህ ነርሷ ምን ሆንሽ ብላ አልጠየቀቻትም።