የማይዞረው ስፖኪዮ

መካኒኩ ከመኪናው ስር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ልፋ ቢልህ ነው፤ ሌላ ግዛ» አለኝ። «ካምቢዮው አልቋል፤ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል። የውስጡ ስፖኪዮ እንኳ ጠሞ ደርቋል፤ አይዞርም።»

እኔም መሮኛል። ሟቹ አባቴ የገዛው ይህ ቅንጡ መኪና በዘመኑ አንገት ያስዞር ነበር፤ አሁን ግን ያልረገጠው አገር የለምና አርጅቷል። በተለይ ያ ጠማማ ስፖኪዮ በነዳሁ ቁጥር ደሜን ያፈላዋል። ልሸጠው ቆርጬ እናቴን ለስንብት ይዣት መጥቻለሁ።

እማዬ እንደ ድሮዋ ከኋላ በስተቀኝ ገባች። የቆዳው ወንበር እንደ ሞቀ ውሃ ተቀበላት። በጋራዡ ጣሪያ ቀዳዳ የገባው ብርሃን በመስኮቶቹ ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት፣ ሞተሩ የጠፋው መኪና የሚሄድ መሰለኝ። እሷም ዓይኗን ጨፈነች።

«አባትህ ነው በማስቲሽ ያጣበቀው» አለች እንቅልፍ እንቅልፍ በሚል ድምፅ።

«ምኑን?»

«ስፖኪዮውን ነዋ። እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው።»

በአባቴ ወንበር ተቀምጬ ቀና አልኩ። መስታወቱ ውስጥ መንገድ የሚባል ነገር የለም። የእናቴ ፊት ብቻ ነው ያለው፣ ሙሉውን።

ያ ሰውዬ ያን ሁሉ ዘመን ቀና እያለ የሚያየው ከኋላ የሚመጣ መኪና መስሎኝ!

«እህሳ፣ ምን ወሰንክ?» አለ መካኒኩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«ካምቢዮውን ቀይር። ሞተሩንም አውርደህ ስራው።»

«ስፖኪዮውንስ?»

«እሱ ደግሞ ምን ሆነ?»