ከመታጠፊያው የተነሳው ፖሊስ

መጋረጃ ሰፊዋ የምክር ቤት አባሉ በር ላይ ስትደርስ ከአራቱ ጠባቂዎች አንዱን አየችና ደሟ ፈላ። ረጅሙ ነበር፤ ሰፈርተኛው በዚሁ ስም የሚጠራው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ድልድዩ አጠገብ ካለው መታጠፊያ ላይ ቆሞ ማልደው ሥራ የሚገቡትን ሲያሳልፍ የኖረ ፖሊስ።

ከሁለት ወር በፊት ድንገት ከቦታው ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ታናሽ እህቷ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስትሄድ፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ ዘራፊዎች በብረት መትተው ክንዷን ሰበሯት። ሰፊዋ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ ሦስቴም የሰው ኃይል የለንም አሏት። ለካ የሰው ኃይሉ እዚህ ኖሯል!

ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ እህቷ እንዴት እንደሆነች ጠየቃት። እሱንማ ምን ትበለው፤ ና ቢሉት መጣ። አልፋው ገባች።

የምክር ቤት አባሉ በትህትና ተቀብሎ መስኮቶቹን አሳያት። የፈለገው ከውጭ ምንም የማያሳይ ወፍራም ጨርቅ ነው። ሁለቱን ለካች፤ ሦስተኛው ላይ ሜትሯን አወረደች። ዞር ብላ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችለት።

ሰውየው አልተቆጣም። በፖስታ ጥይት እንደተላከለት፣ ልጁም ከትምህርት ቤት እንደቀረች ነገራት። ከዚያ ግን፣ "እኔ የምጠበቀው ለራሴ ብዬ አይደለም። የሕዝብ ድምፅ ነኝ፤ እኔን የመታ ሕዝቡን መታ" አላት።

"እህቴ ስትመታስ ማን ተመታ?"

ሰውየው ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ፍርሃትዎን አልናቅሁም" አለችው። "ልጅዎን ክፉ አይንካብዎ። ግን እርስዎ ሲፈሩ አራት ሰው ቆመልዎ፤ እኛ ያለንን አንዱን ተነጠቅን።"

ስልኩን አንስቶ የጣቢያውን አዛዥ አነጋገረ። ሲጨርስ፣ እህቷ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ስትገባ አንድ ፖሊስ እንደሚሸኛት ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብሎ አበሰራት። እህቷን ብቻ። ዳቦ ጋጋሪዋስ? ልጅ አዝላ የምታልፈው አትክልት ሻጭስ? ሰፊዋ የጠየቀችው ለመታጠፊያው እንደሆነ ብትነግረው፣ ያ ከሥልጣኑ በላይ መሆኑን አስረዳት።

"ለእህቴ ሲሆን ሥልጣንዎ ደረሰ፤ ለሰፈሩ ሲሆን አጠረ። ለእሷ ብቻ ከሆነ ይቅርብን" አለችና ሜትሯን ጠቅልላ ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ መስኮቶቹ በሌላ ሰፊ እጅ ተጋረዱ። መታጠፊያው ግን እስከ ዛሬ ጠባቂ አላገኘም።

በዚያው ሰኞ ማለዳ ሰፊዋ በየበሩ እያንኳኳች ዘጠኝ ሴቶች ሰበሰበችና እህቷን መሃል አድርገው በመታጠፊያው አለፉ። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እንግዲህ ደመወዝ የሌለን ፖሊሶች ሆንን ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ሰፊዋ አልሳቀችም። ጥርሷን ነክሳ ከፊት ከፊት ትራመድ ነበር።