ነጩ ሐረግ በወይዘሮ የውብዳር በር

አሰላ ውስጥ ወይዘሮ የውብዳርን የማያውቅ ሰው እንኳ በራቸውን ያውቀው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የውጭ በራቸው ከላይ እስከ ታች መዳፍ በሚያህሉ ወይን ጠጅ አበቦች ይሸፈናል። ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን እንዳዘሉ ቆም ብለው ያዩታል። የበቆጂ አውቶቡስ ሾፌር ሳይቀር እዚያ ሲደርስ ቀስ ይላል ይባል ነበር።

የሐረጉን ችግኝ የሰጠቻቸው ጎረቤታቸው የነበረች አንዲት ስዊድናዊት ናት። ወደ አገሯ ስትመለስ፣ «ክሌማቲስ ይባላል። ራሱ ፀሐይ፣ እግሩ ጥላ ይወዳል» ብላቸው ሄደች። እሳቸውም ቃሏን እንደ ኑዛዜ ያዙት። ከሥሩ ድንጋይ ደርድረው፣ ጥላ እንዲሆነው ጎመን ተከሉበት። ወፍራም እንጨት ላይ መጠምጠም እንደማይሆንለት ሲያዩ ደግሞ ከመሬት እስከ ጉበኑ ሲባጎ ወጠሩለት።

ከአጥሩ ወዲያ ዙቤዳ ትኖር ነበር። ባሏ ከዲሮ ከበቆጂ ገብስ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። እሷ ሳቂታ፣ የያዘችውን ሳትጨርስ የማትለቅ ሴት ናት። ሐረጉን ስለምትወደው ወንፊት ልዋስ፣ እሳት ልጫር እያለች ሰበብ አታጣም። ወይዘሮ የውብዳርም ሰበቡን ያውቁታል፤ ደስ ይላቸዋል።

በ1964 ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ የሐሞት ጠጠር ጠናባቸውና ልጃቸው ፍሰሐ አዲስ አበባ ሊያሳክማቸው መጣ። መኪናው እየጠበቀ እሳቸው በሩ ሥር ቆመው ዙቤዳን አስጠሯት።

«ልጄ፣ ቤቱን ቆልፌዋለሁ። ሐረጉ ግን ቁልፍ የለውም።»

«እኔ አለሁ እማማ። እርስዎ ብቻ ድነው ይምጡ።»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዙቤዳ አንድ ጠዋት ስትወጣ የሐረጉ አንዱ ክንድ እሳት እንደለበለበው ጠቁሮ ተንጠልጥሏል። ውሃ ጠማው እንዳትል ዝናቡ ቀንና ሌሊት ነው። ሥሩን ገለጥ አድርጋ አየች፤ አይጥም አልነካውም። በማግስቱ ሌላው ክንድ ጠቆረ፣ ከዚያም ሌላው። ምን እንደያዘው የሚነግራት ሰው አጣች። ጥቁረቱ ወደ ሥሩ እንዳይወርድ ፈራችና ማጭድ አንስታ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ አስቀርታ ቆረጠችው። የተቆረጠውን አቃጥላ ስትጨርስ በሩ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች።

«ተክል ነው እኮ፤ ሰው አልሞተ» አላት ከዲሮ።

«ታመው ሄደው፣ ሲመለሱ የሚቀበላቸው ባዶ በር ይሁን?»

ዙቤዳ ስታስብ ሰነበተችና፣ «ጭላሎ ሥር፣ ጫካው ዳር ዛፍ ላይ የሚወጣው ነጭ አበባ ትዝ ይልሃል? ሂዳ ፊቲ?» አለችው። አማርኛ ተናጋሪው አዞ ሐረግ የሚለውን ነበር የምትለው።

«ያንን? ከብት የማይደፍረውን?» ብሎ ሳቀ። ሆኖም በነጋታው በቅሎውን ጭኖ አብሯት ወጣ።

ዝናብ እየደበደባቸው አንድ ጠንካራ ግንድ ከነአፈሩ ቆፍረው በጆንያ ጠቀለሉ። ዙቤዳ ረጃጅሙን ሐረግ እንዳይሰበር በእጇ ሰብስባ እስከ ከተማ ታቅፋው መጣች። ከተቀነጠሰው ቅርንጫፍ የሚወጣው ውሃ እንደሚያቃጥል ያወቀችው ቤት ከገባች በኋላ ነው። እጆቿ ውሃ ቋጠሩ፤ ሊጥ ማቡካት አልቻለችም። ከዲሮ ገንፎ እያገነፋ አሰነበታት፤ ገንፎው ይጓጉል ነበር፣ እሷም ሳትናገር በላችው።

ሐረጉን ከበሩ በስተግራ ተከለችው። ከአሮጌው ጉቶ ላይ ግን ዓይኗን አላነሳችም። አፈር አለበሰችው፣ ድርቆሽ ጎዘጎዘችለት። መንገደኛው፣ «የጫካ አረም በሰው ደጅ ይተከላል?» እያለ አለፈ።

ኅዳር ላይ ወይዘሮ የውብዳር መምጣታቸው ተሰማ። ዙቤዳ አውቶቡስ ተራ ሄዳ ጠበቀቻቸው። ከስተው፣ በፍሰሐ ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ጉልበታቸውን ስማ ቀና አለች።

«እማማ፣ በሩን ሳያዩ ልንገርዎ። ሐረጉ ጠቆረብኝ፤ ቆረጥኩት።»

የወይዘሮ የውብዳር ዓይን እጆቿ ላይ ባለው ጠባሳ አረፈ።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ምንም አይደል፣ ድኗል» አለች።

ቤት ሲደርሱ በሩ ነጭ ነበር። ጥቃቅኑ አበባ ጉበኑን አልፎ አጥሩ ላይ ፈስሷል፤ ንቡ ያጉረመርማል። ወይዘሮ የውብዳር ከልጃቸው ክንድ ተላቀው ብቻቸውን ጠጋ አሉና አንዱን ዘለላ ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«አዞ ሐረግ!» አሉ። «እዚህ አገር ተወልጄ አረጀሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አይቼው አላውቅም። ይህን ያህል ያማረ ነበር?» ዞር ብለው የዙቤዳን እጆች ያዙ። «ለዚህ ነው የተቃጠልሽው?»

ዙቤዳ አቀርቅራ፣ «ታች ደግሞ ይዩ» አለቻቸው። ድርቆሹን ገለጥ ስታደርግ ከተቀበረው ጉቶ አንድ ቀይ ቡቃያ ወጥቷል፤ ጣት አይሞላም።

አሮጊቷ ያኔ ሳቁ። ከሕመማቸው ወዲህ ሲስቁ ፍሰሐ ገና መስማቱ ነበር።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ተከራከሩ። ዙቤዳ ነጩ ይነሳ፣ ቦታው የወይን ጠጁ ነው አለች። ወይዘሮ የውብዳር በጄ አላሉም። በመጨረሻ ነጩን ሳይነቅሉ ከበሩ አውርደው በአጥሩ ላይ ወደ ዙቤዳ ቤት መሩት፤ በሩንም ለቡቃያው ለቀቁለት። እስከ 1966 መስከረም ሁለቱም ጠነከሩ። ወይን ጠጁ ቀድሞ አበበ፤ እሱ ሊረግፍ ሲል ነጩ ጀመረ። ከሁሩታና ከሲሬ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ ሰዎች ዘር ስጡን ማለት ያዙ።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ የውብዳር የሚሉት አንድ ነበር። «እሷን ጠይቋት። እኔ የተከልኩት ሞቶ ነበር፤ ይህን ያኖረችው ዙቤዳ ናት።»

በዚያው ዓመት በልግ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በርጩማ አስወጥተው አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ከወይን ጠጁ አንድ ለጋ ቅርንጫፍ ሳይቆርጡ ዝቅ አድርገው በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ዙቤዳ ግቢ አሾለኩት። ዙቤዳ በወዲያኛው በኩል ተንበርክካ ተቀበለቻቸው፤ አፈር አለበሰችና ድንጋይ ጫነችበት።

«መቼ ይሆን ሥር የሚይዘው?» አለች።

«እኔ እንጃ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር ከአጥሩ ማዶ። «ብቻ እየቆፈርሽ እንዳታይው።»