ለሊቀ መንበሩ የተዘፈነው

ገናናው በጀርመን አገር የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው የበርሊን ግንብ ሳይፈርስ ነው። ግንቡ ፈረሰ፣ ደርግ ወደቀ፣ እሱ ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ዘንድሮ ግን እሑድ በሚደረገው ምርጫ ዓምደ ሚካኤል የሚባል ተቀናቃኝ ተነሣበት። ዓምደ ሚካኤል ንግግር አያበዛም፤ ይህም አባላቱን ክፉኛ ማርኳቸዋል።

እናም ቅዳሜ በሰፈራቸው በኖርድቬስትሽታት አዳራሽ የሞንጎሊያ ዘፈንና ጭፈራ አለ ሲባል፣ ገናናው ባህል ወዳድነቱ ይታይለት ዘንድ አባላቱን ሰብስቦ ይዞ ሄደ። ከጎኑ ያስቀመጠው እትዬ ሸዋረጋን ነበር። የማኅበሩ አዛውንት ናቸው፤ እሳቸው ያዘነበሉለት ያሸንፋል።

ጨፋሪዎቹ ሴቶች ተንበርክከው ትከሻቸውን መስበቅ ሲጀምሩ ገናናው ጎንበስ አለ።

«አዩልኝ እትዬ? እስክስታችንን ወስደውታል።»

«ፓተንትአምት መሥሪያ ቤት ሄደህ የፈጠራ መብቱን አስመዝግበዋ» አሉት፣ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳይነቅሉ።

ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ባለ ሁለት ጅማት መሰንቆ ይዘው ወጡ፤ ጫፉ ላይ የፈረስ ራስ ተቀርጾበታል። ከጉሮሯቸው ሁለት ድምፅ ባንዴ ያወጣሉ፣ አንዱ ነጎድጓድ፣ አንዱ ፉጨት። መሰንቆ ያየ ያገር ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። እሱ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። ገናናው መሰንቆውን አስቀድሞ ማስታወቂያው ላይ አይቶት ስለነበር፣ በኡ-ባን ባቡር ሲመጣ አንድ ግጥም አሰናድቷል። ብድግ አለ።

«ተቀበል» አለ ጮክ ብሎ፣

«ማኅበሯ ባዶ ነች በኖርድቬስትሽታት፣
ገናናው ከሌለ ማን አለ የሚመራት።»

ሽማግሌው ዜማቸውን አቋርጠው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ እሱኑ እያዩ ሌላ ዘፈን ጀመሩ።

ሽማግሌው ግጥሙን ተቀበሉለት እንግዲህ። ገናናው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በየስንኙ እጅ ነሣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነትም ደስ ብሎት ነበር። በዚህ አገር ስሙን እንኳ አስተካክሎ የጠራው የለም፣ የሚዘፍንለት ከየት ይምጣ። አባላቱም እልል አሉለት። ምርጫው እዚያው ያለቀ መሰለው።

ዘፈኑ ሲያበቃ ከቡድኑ ጋር የምትዞረው ጀርመናዊት አስተዋዋቂ ማይክሮፎኑን ያዘች። ይህ፣ አለች፣ በፈረስ እሽቅድምድም መጨረሻ ለወጣ ውርንጭላ የሚዘፈን ማጽናኛ ነው። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የጋላቢህ ነው፤ ለከርሞ አንተ ትቀድማለህ» ይላል። ዘፋኙ እኚህ ሰው ብቻቸውን ቆመው ሲጮኹ ቢያዩ፣ የተሸነፉ መስሏቸው አዘኑላቸው፣ ስትል ጨመረች።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። እትዬ ሸዋረጋ እጁን ሳብ አድርገው «ቁጭ በል ልጄ» አሉት። ሲወቅሱት እንጂ ሲያባብሉት ሰምቶ አያውቅም።

እሑድ ዓምደ ሚካኤል ተመረጠ። አባላቱ ሲወጡ አንድ ባንድ የገናናውን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አሉት፤ ዓምደ ሚካኤል እንኳ ሳይቀር። ገናናው ግን ማኅበሩን ያለ ከልካይ ሲጋልብ የኖረው እሱው ራሱ ነበርና፣ ጥፋቱን የሚያላክክበት ጋላቢ አጣ።