ኻሚስ ያልጨረሰው ወግ

ሙርሳል እንደዚያ ሰሞን ቁጭ ብድግ ሲል የአሶሳ ሰው አይቶት አያውቅም። ቀርከሃ ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ ይጥለዋል፤ ደግሞ ከጣለበት ሄዶ ያነሳዋል። ሚስቱ ገንፎ ብታቀርብለት አንዴ ጎርሶ ይነሳና ደጅ ወጥቶ ይንጎራደዳል። "ምን ነክቶት ነው?" ይላል አላፊ አግዳሚው። ምን ይንካው! እህቱ አላለቀሰችማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸዋ ጦር በመጣ በሦስተኛው ዓመት፣ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ፣ የታላቅ እህቱ የዓዲላ ባል ኻሚስ ሞተ። ከዚያ ሁሉ ጥይት የተረፈ ሰው፣ ወንዝ ወርዶ ወርቅ ሲያጥብ አዞ የሳተው ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ደጁ ላይ ተቀምጦ ለሚስቱ ወግ ሲያወጋ ሞተ። ወግ ያውቅበት ነበር፤ የሰማው ሁሉ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። የዚያን ቀን አህያው ስለጠፋበት አንድ ነጋዴ እያወራላት ነበር። "ታዲያ ነጋዴው ምን አለ መሰለሽ..." አለና ወደ ጎኑ ጋደል አለ። አበቃ።

ዓዲላ አልጮኸችም። ባሏ ተቀበረ፣ ለቀስተኛው መጥቶ ሄደ፤ እሷ ዓይኗ እንደ ደረቀ እዚያው ደጅ ላይ ተቀምጣ ቀረች። እህል አልወርድ አላት፣ ሰውነቷ አለቀ። "ሐዘኑ ውስጧ ታምቆ ሊገድላት ነው፤ ካልወጣላት ትከተለዋለች" ሲሉ ሙርሳል የጎረቤት ሴቶችን ሰማቸው። ከዚያ ወዲያ እረፍት የሚባል ነገር አጣ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ዓዲላ ናት። ለአርባው ሰደቃ እንባዋን የሚያወጣ ዜማ ልሥራላት አለ። ሌላ የሚያውቀው ሙያ አልነበረውም።

የእነሱ ጨዋታ ስምንት ሰው ይፈልጋል፤ ስምንት ዋሽንት፣ ትልቁ ክንድ የሚያህል፣ ትንሹ ጣት የሚያህል። አንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማው የሚሞላው ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እየዘለለ ነው፤ ብቻውን የሚነፋ ሰው እንደ ጉጉት "ኡ፣ ኡ" ከማለት አያልፍም። ተራህን የምታውቀው ካንተ ቀድሞ በሚነፋው ሰው ድምፅ ነው። ከሙርሳል ቀድሞ የሚነፋው ኻሚስ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የእሱን ድምፅ ሰምቶ ነው ሙርሳል ትንፋሹን የለቀቀው። አሁን የኻሚስን ዋሽንት ሻዕባን የሚባል ዝምተኛ ማር ቆራጭ ያዘው።

በሠላሳኛው ቀን ዜማው አለቀ። ስምንቱም ሞቅ አድርገው ይጀምሩና ከትልቁ ዋሽንት አንስቶ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፤ በመጨረሻ ትንሿ ብቻዋን ቀርታ፣ ቀጥና ቀጥና ትጠፋለች። ትልቁን የሚነፋው ሽማግሌው ባቢከር ገና በልምምዱ ተንሰቀሰቀ። "አንተ ሙርሳል፣ ወላሂ ሞትን ራሱን አመጣኸው!" አለው። ሙርሳልም፣ ምን ይደበቃል፣ ኩራት ኩራት አለው። ሰባቱን አስከትሎ እህቱ ደጅ ሄደ፤ ከሰው በፊት እሷ ትስማው ብሎ።

ተጫወቱላት። ትንሿ ዋሽንት ስትጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ እንባውን ጠረገ።

"ጨረሳችሁ?" አለች ዓዲላ።

"አዎ። እንዴት ነው?"

"ያምራል።"

ያምራል! የሙርሳል ደም ፈላ። "እትዬ፣ ለኻሚስ እኮ ነው የሠራሁት! ሌላ የምትዪኝ የለም?"

"ይሄ የኻሚስ ሞት አይደለም" አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። "ይሄ ታሞ፣ ተናዞ፣ ልጆቹን መርቆ የሞተ ሽማግሌ ነው። ትንሿ ልትጠፋ መሆኑን ሁላችንም አውቀን ጠበቅናት። እኔ አላወቅኩም፣ ሙርሳል። እየሳቅኩ ነበር። ነጋዴው ምን አለ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ዛሬም እንዳቆምኩ ነኝ።"

ቅስሙ ተሰበረ። ባቢከር "ሐዘንተኛ ምን ታውቃለች፣ ተዋት" ቢለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚያንገበግበው እውነቷን መሆኑ ነው። ሰውዬው እንደዚያ ተቀጭቶ ሲቀር እሱ ማሳመሩን ይዞ ነበር፤ ራሱን ረገመ።

ከዚያማ ባሰበት። ዜማው መሐል ላይ ድንገት ይቆረጥ አለ፤ ሞከሩት፣ አልሆነም። መቆረጫው ሲቃረብ ሰዎቹ ሁሉ ገና ሳይደርሱበት ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ቦታውን ቢቀይረው ያንንም ባንዴ ለመዱት። ሙርሳል ዋሽንቱን ከመሬት ፈጠፈጠው። ግማሹን መንገድ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ሌላ ቆርጦ፣ እየሮጠ ተመለሰ።

በሁለት ቀን ሌላ ዜማ አስተማራቸው፤ የሳቅ ዜማ። ኻሚስ ወግ ሲያወጋ እንደሚያደርገው፣ አለቀ ሲሉት እንደገና የሚነሳ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን እያስጎመጀ የሚሄድ። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ሻዕባንን ለብቻው ቀፎው ከሰቀለበት ዛፍ ሥር አገኘው።

"ነገ የፈለግክበት ቦታ ላይ አቁም" አለው። "መቼ እንደሆነ ለማንም አትንገር። ለእኔም።"

"እኔ ካቆምኩ እናንተ ምን ትሆናላችሁ?"

"እኔ እንጃ" አለ ሙርሳል። እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

አርባው ደረሰ። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ሥጋውና ገንፎው ተበልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንቱ ግቢው መሐል ቆሙ። ዋሽንቱ ሲጀምር ሰው ተንጫጫ። "ለሙት እንዲህ ያለ ጨዋታ? ሙርሳል አበደ!" ሙርሳል መች ሰማቸው! በዓይኑ ጥግ ሻዕባንን ነው የሚያየው። አሁን? አይደለም። አሁን? አይደለም።  ዜማው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። በሦስተኛው የሰው እግር መሬቱን መምታት ጀመረ። በአራተኛው አንዷ አሮጊት እስክስ አለች፤ የተቆጡትም ፈገግ አሉ። የዓዲላ ከንፈር ፈታ ሲል አየና ሙርሳል ራሱ ደስ አለው። ደስ ሲለው ረሳ። ዜማውን እሱ መሥራቱን፣ የሚቆረጥ መሆኑን፣ ሁሉንም ረሳ። ለተራው ደረቱን ሞላ።

የኻሚስ ድምፅ አልመጣም።

ሙርሳል ትንፋሹን እንደያዘ ቀረ። ዋሽንቱ ከንፈሩ ላይ ነው፣ ደረቱ ሙሉ ነው፣ የሚለቅበት የለም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው እሱን ይጠብቃል፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ያንን። ሰው አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ።  ምን ሆኖ ነው ብሎ ሙርሳል ወደ ጎኑ ዞረ፤ ኻሚስን ፈለገው። ሻዕባን ነበር የቆመው፣ ዋሽንቱን ይዞ።

ያኔ ዓዲላ ተነሳች።

"ታዲያ ምን አለ?" አለች።  "ነጋዴው ምን አለ? ኻሚስ! ንገረኝ እንጂ፣ ምን አለ?"

 ዙሪያዋን አየች፣ ጠበቀች፣ እንደማይመልስላት ገባት። መሬቱ ላይ ወድቃ ጮኸች፤ አርባ ቀን ሙሉ የታመቀው እንባ ባንዴ ገነፈለ። ሙርሳልም ዋሽንቱን ጥሎ አጠገቧ ተንበርክኮ አብሯት እንደ ልጅ አለቀሰ።

ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ እንባዋ ሲበርድላት፣ የወንድሟን እጅ ያዘች።

"ይሄንን ዜማ ዳግመኛ እንዳትጫወቱት።"

"አንጫወተውም፣ እትዬ።"

ውሃ ስጡኝ አለች፣ ጠጣች። ቀጥላም ከገንፎው የተረፈ እንዳለ ጠየቀች።