የሙከራ ምልክት

«ናሁ፣ ልጄ፣ ትእዛዙን ልኬያለሁ። ደርሷችኋል?»

ናሁሰናይ የስልኩን መነጋገሪያ በትከሻው ደግፎ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። የካርቶን ፋብሪካውን መቆጣጠሪያ ክፍል ከማሽኖቹ የሚለየው አንድ መስተዋት ብቻ ስለሆነ ለመስማት ሌላውን ጆሮውን በጣቱ መድፈን ነበረበት። «ሁለት ሜጋ ዋት ቀንስ» የሚለው መልእክት ከኃይል ማከፋፈያ ጣቢያው መጥቷል። ከሥሩም በአረንጓዴ ቀለም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ተጽፏል።

«ደርሷል ይላል፣ እትዬ ደጊቱ።»

«ይላል እንጂ መች ቀነሰ? እኔ ዘንድ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ከበላይ የሰጡኝ ሦስት ደቂቃ ነው፤ አንዱ አልቋል።»

ናሁሰናይ በመስተዋቱ ውስጥ ተመለከተ። የማድረቂያው ከበሮዎች እንደ ወትሮው ይዞራሉ፤ ቡናማው ወረቀት በእንፋሎት መካከል ይሮጣል። የቆመ ነገር የለም።

«በእጅ እንድቀንስ ኢንጂነሩን ልጠይቅ። አንድ ጊዜ ይታገሱኝ።»

«ባለፈውም ይታገሱኝ አልኸኝ።»

ስልኩን አልዘጉትም። ትንሽ ቆይቶ የመስመር መቁረጫው የብሬከሩ ድምፅ፣ እንደ በር ሲወረወር ያለ፣ በጆሮው ውስጥ ጮኸ።

«የወርቅ ሜዳን መስመር ቆረጥሁት» አሉ ወይዘሮ ደጊቱ።

ቀድሞ ነገሩ ሁሉ በስልክ ነበር። የአገሪቱ መረብ ጭነት ሲበዛበት ከበላይ መቆጣጠሪያ ማዕከል ለወይዘሮ ደጊቱ ይደወላል፤ እሳቸው ለፋብሪካው ይደውላሉ፤ ፋብሪካው ከማሽኖቹ ከፊሎቹን ያቆማል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጣቢያውንና ፋብሪካውን የሚያገናኝ የመረጃ መስመር ተዘረጋ። የጣቢያው መሣሪያዎች የሚናገሩት አንድ ቋንቋ፣ የፋብሪካው ማሽኖች የሚሰሙት ሌላ ስለነበር፣ በዓለም የታወቀውን የጋራ መግባቢያ ደንብ ተከትሎ የሚተረጉም አንድ ሳጥን በመካከላቸው ተተከለ። በውሉ መሠረት ትእዛዝ በደረሰ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ፋብሪካው ራሱ መቀነስ ነበረበት።

አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅም። ፋብሪካው «የምትልኩት ትእዛዝ ደንቡን አልጠበቀም» ብሎ ይጽፋል፤ ጣቢያው «ደርሶኛል እያላችሁ ዝም ትላላችሁ» ብሎ ይመልሳል። ፋብሪካውን ጨርሶ መቁረጥ ያለ በላይ ፈቃድ ክልክል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመላለስ፣ ወይዘሮ ደጊቱ የሚቆርጡት ያው የወርቅ ሜዳን የገጠር መስመር ነበር።

«ናሁ፣ አለኽ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«ዛሬ በስምንት ሰዓት ኮሚቴ ይመጣል። የወርቅ ሜዳ ሰዎች ከሰውኛል። ከፋብሪካው ጉቦ እየበላች ነው የምታጨልምብን ብለው ሠላሳ ሰባት ሰው ፈርሟል።» ድምፃቸው አልተለወጠም፤ የመስመር ቁጥር እንደሚያነቡ ሁሉ ነበር የሚናገሩት። «ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል። እንግዲህ ቢጠይቁህ፣ ያየኸውን ተናገር። ሌላ አልፈልግም።»

ስልኩ ተዘጋ። ናሁሰናይ መነጋገሪያውን አስቀመጠ። እኒህ ሴት ሥራ በጀመረ ሰሞን የትኛው መስመር ወዴት እንደሚሄድ በስልክ ያስተማሩት ናቸው። በጠዋት ሲደውሉ ሳያስቁት አይዘጉም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ «ይታገሱኝ» እንዳላቸው ማስታወስ አልቻለም። ስክሪኑ «ደርሶኛል» ስለሚል ጥፋቱ የጣቢያው ነው ብሎ ያምን ነበር። ደግሞም የፋብሪካው አለመቀነስ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ላፕቶፑን ይዞ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። እዚያ የተተከለውን የአስተርጓሚውን ሳጥን በር ከፍቶ ገመዱን ሰካና የሚላኩትን መልእክቶች ሳይሆን ራሱን ሳጥኑን መመርመር ጀመረ። ገጽ በገጽ አለፈ። አድራሻው ትክክል ነው። የመልእክቶቹ ዝርዝር ከጣቢያው ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ይገጥማል። በአራተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በትንሽ ፊደል የሥራውን ሁኔታ የሚያሳይ መስመር አገኘ።

ሙከራ፣ ይላል።

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ግን መስመሩን ደግሞ አነበበው። ሳጥኑ በሙከራ ሁኔታ ላይ ሲሆን ትእዛዝ ይቀበላል፤ «ደርሶኛል» ብሎም ይመልሳል፤ ለማሽኖቹ ግን አያስተላልፍም። የተሠራውም እንዲያ ነው፤ ባለሙያዎች ፋብሪካውን ሳያቆሙ ቃላቱን እንዲፈትሹበት። ሲጨርሱ የሙከራ ምልክቱ ይነሳል። ይህ ግን አልተነሳም።

ከጎኑ የተመዘገበው የናሁሰናይ የራሱ መለያ ስም ነበር። በፈረንጅ የተጻፈውን ቀን በጣቶቹ ቆጥሮ ወደ ሐበሻው መለሰው። ሰኔ አሥራ አንድ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙከራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከትውልድ አገሩ ከቋሪት ተደውሎ አባቱ ማረፋቸው ተነግሮት ነበር። ሁሉን ትቶ መኪና ፍለጋ ሮጠ። የውጭዎቹ ባለሙያዎች መንገድ ሊዘጋ ነው ሲባል በማግስቱ ወጡ። እሱ ከለቅሶ ሲመለስ የርክክብ ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀው። «ሁሉም ተፈትሾ በሥራ ላይ ውሏል» ይላል። ሳይፈትሽ ፈረመ።

«ምን አገኘህ?»

የቴክኒክ ኃላፊው ልዑልሰገድ በሩ ላይ ቆሟል። ናሁሰናይ ላፕቶፑን አዙሮ አሳየው። ልዑልሰገድ ጎንበስ ብሎ አነበበ፤ ቀና ሲል ፊቱ ቀልቷል።

«ይሄ ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት፣ ኢንጂነር። እኔ ነኝ የተውሁት።»

ልዑልሰገድ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የናሁሰናይን አባት ለመቅበር ቋሪት ገበዝ ማርያም ድረስ የመጣ ከፋብሪካው እሱ ብቻ ነው።

«ስማኝ። አሁኑኑ አንሳው። ማሽኑ ቢቆም ወረቀቱ ይበጠሳል፣ መልሶ ማስነሳት ሁለት ሰዓት ነው፤ ይሁን፣ እንችለዋለን። ምክንያት ሲጠይቅህ "መደበኛ ዕድሳት" ብለህ ጻፍ። ከዛሬ ጀምሮ ይሠራል፤ በቃ።»

«እትዬ ደጊቱስ?»

«ማስረጃ የላቸውም። ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይሰጧታል። አንተ ግን ይሄን ብትናገር የሙያ ፈቃድህ ይነጠቃል፣ ፋብሪካውም ይከሰሳል። ሁለት ሕፃናት አሉህ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሞተ ሰው ያለ አታስመስለው።»

ናሁሰናይ ምልክቱን አነሳ። ሳጥኑ የለውጡን ምክንያት ሲጠይቀው ጣቶቹ ፊደሎቹ ላይ ቆዩ። ከዚያም «በስህተት ከሙከራ ሳይወጣ የቆየ፤ የእኔ ጥፋት» ብሎ ጻፈና ዘጋው። ልዑልሰገድ ከትከሻው በላይ ሆኖ አነበበና ወጣ።

ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሲል በባጃጅ ማከፋፈያ ጣቢያው ደረሰ። ከአጥሩ ውጭ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ከወርቅ ሜዳ የመጡት ገበሬዎች በጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ዘበኛው ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ አሳለፈው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ እታለም ከሁለት አባላት ጋር ወንበር ይዘዋል። ወይዘሮ ደጊቱ በሰማያዊ የሥራ ካፖርታቸው በቁጥሮቹ ሰሌዳ አጠገብ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ይናገራሉ። የከሳሾቹ ተወካይ አቶ ክንዱ ነበሩ። ናሁሰናይ በሩ አጠገብ ተጠግቶ አዳመጠ።

«እኔ ስለ መብራት አላውቅም» አሉ አቶ ክንዱ። «ያረጀሁት ያለ መብራት ነው። የውኃው ሞተር ተቃጠለ፤ ቻልነ። ወፍጮው ቆመ፤ ቻልነ። ልጄ እንቁ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን በጤና ጣቢያችን ወንድ ልጅ ወለደች። ትንፋሽ አጠረው። አየር የሚሰጥ መሣሪያ አደረጉለት፣ ቀላ፣ አለቀሰም። በአምስት ሰዓት መብራቱ ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለው። አዋላጇ አርባ ደቂቃ በእጇ ስትነፋለት ቆየች።»

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ክርስትና ሳይነሳ ተቀበረ። ስም እንኳ አላወጣንለትም። አዋላጇ "መብራቱ ባይጠፋም ላይተርፍ ይችል ነበር" ብላለች፤ እሷም እውነቷን ይሆናል። እኔ ያየሁት መብራቱ ሲጠፋ መሞቱን ነው። እንግዲህ ቆራጯ እኒህ ሴት ናቸው። ስለ ምን እንደቆረጡን ይንገሩነ።»

ወይዘሮ ደጊቱ ዓይናቸውን ወደ ቁጥሮቹ ሰሌዳ መለሱ።

ናሁሰናይ ሲመጣ ስለ ውኃ ሞተርና ስለ ወፍጮ ሊናገር ነበር የተዘጋጀው። ስለ ሕፃን የነገረው አልነበረም። በሩ ከኋላው ክፍት ነው፤ ማን እንደሆነ እንኳ ገና የጠየቀው የለም። መጋቢት አሥራ ሁለት በአምስት ሰዓት የት ነበርሁ ብሎ አሰበ። ከስክሪኑ ፊት ነበር፤ ሌላ የት ይሆናል።

«እሳቸው አይደሉም» አለ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገራቸው። ማን እንደሆነ፣ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ፣ ምልክቱ ምን እንደነበር፣ ሳይፈትሽ እንደፈረመ። ስለ አባቱ ሞት ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። «እትዬ ደጊቱ ትእዛዙን ሁልጊዜ በትክክል ልከዋል። እኛ ደርሶናል ስንላቸው አልደረሰንም ነበር።»

ወይዘሮ እታለም መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድሜ፣ የፋብሪካ ሰው ነህ። ከእሳቸውም ጋር በየቀኑ ትነጋገራላችሁ። ቃልህን በምን እናምናለን?»

በዚህ መካከል የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ወይዘሮ ደጊቱ አነሱና አዳመጡ። «እሺ፣ ሁለት ሜጋ ዋት፣ ሦስት ደቂቃ» አሉ። ስልኩን አስቀምጠው ትእዛዙን ላኩ። ቀኝ እጃቸው ከልማድ ወደ ወርቅ ሜዳው ብሬከር ሄደና እዚያው ላይ አረፈ።

ሁሉም ወደ ሰሌዳው ተነሡ። የፋብሪካው መስመር ቁጥር ሦስት ነጥብ አንድ ላይ ቆሟል። አምስት ሰከንድ። ስድስት። ከዚያ ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ነጥብ ስምንት፣ ሁለት፣ አንድ ነጥብ አራት፣ አንድ ነጥብ አንድ። እዚያ ላይ ረጋ።

የወርቅ ሜዳው መስመር መብራት አልጠፋም።

ወይዘሮ ደጊቱ እጃቸውን ከብሬከሩ ላይ አነሱት። ወዴት እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስል ጥቂት በአየር ላይ ካቆዩት በኋላ በካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ናሁሰናይን አላዩትም።

«ይህን ሁሉ በጽሑፍ ታሰፍራለህ» አሉ ወይዘሮ እታለም። ተቀምጦ ጻፈ፤ ፈረመ። በዚህ ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። ልዑልሰገድ ነበር። «ወረቀቱ ተበጥሷል፣ ማድረቂያው ላይ ተጠምጥሟል። ያላንተ አይነሳም። ሥራ አስኪያጁም እየጠየቀህ ነው። ቶሎ ድረስ።»

አቶ ክንዱ አጥሩ ጥግ ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር። ናሁሰናይ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«አያ ክንዱ፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።»

«ለእኔስ ነገርኸኝ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ግን በነጋ በጠባ የምትረግመው ይችን ሴትዮ ነው። ስሟን እየጠራች፣ ልጆቿን እየጠራች። እንቁን ማን ይንገራት?»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ ብነግራት ወሬ ነው፣ ልጄ። ሽማግሌ ተታለለ ትለኛለች።»

ገበሬዎቹ አይሱዙው ላይ ወጥተው ጨርሰዋል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ከስልኩ ውስጥ ልዑልሰገድ «ሃሎ፣ ናሁ፣ ትሰማኛለህ?» ይላል።

«እሰማዎታለሁ፣ ኢንጂነር» አለ ናሁሰናይ። «ዛሬ አልመጣም።»

አቶ ክንዱ ዱላቸውን ወደ ላይ አቀበሉና በሰው እጅ ተደግፈው ወጡ። ናሁሰናይ የመኪናውን የጎን ብረት ጨበጠ፤ እግሩን ጎማው ላይ አደረገና ተሳበ። ከላይ የነበሩት ሰዎች አዩት። ከዚያ አንዱ ትንሽ ፈቀቅ አለለት።