የሦስት ሰው ጠረጴዛ

«ስንት ናችሁ?» አለኝ አስተናጋጁ። ሁለትም ሦስትም ማለት አቃተኝ።

ልጄ በማግስቱ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው። የአባቱን የእንጨት ሥራ ትቶ ለመሄድ በመወሰኑ አባቱ ክፉኛ አኩርፏል። «አልመርቅህም» ካለው ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ምግብ ቤት የጠራኋቸው ሰው ፊት ለመጣላት ያፍራሉ ብዬ ነው። ከተማው ምግብ ቤት ሞልቶታል፤ እኔ ግን ስሙን አንብቤ የማውቀው ማታ ፊደል ከምማርበት ክፍል አጠገብ ያለውን ይሄንን ብቻ ነው።

ልጄ መጥቶ ተቀመጠ። «እማዬ፣ በከንቱ አትድከሚ፤ አይመጣም» አለኝ። እኔ ግን ልቤ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሾርባችን ቀርቦ መቀዝቀዝ ሲጀምር ባለቤቴ ልብሱ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ገባ። ማናችንንም ሳያይ ባዶውን ወንበር ነቀነቀው።

«ይሄን የሠራው አናጢ ሰው ሲቀመጥ አይወድም መሰለኝ» አለ።

ልጄ ሳቁ አመለጠው። «አባዬ፣ ብቻ አንተ እንዳትሆን!»

«ዝም ብለህ ብላ! መንገደኛ ባዶ ሆዱን አይሄድም» አለና ዳቦውን ቆርሶ ሰጠው። ትንሽ ቆይቶ፣ ሾርባውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሰላም ግባ። ያሰብከው ይሳካልህ» አለው።

ልጄ «አሜን» ብሎ ዳቦውን ጎረሰ።

ጠዋት ልጄ ሄደ። እኔና አባቱ ቀረን።